የዙበይዳ ባለቤት

ቄስ እንየው የኮምቦልቻን ሙቀት ገና አልለመደውም። ዕቃ ጭነው ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ አንድ ጆሮው ተደፍኖ ነበር፤ ዕቃው ከተራገፈ በኋላም አልተከፈተለትም። ቅዳሜ ጠዋት በባዶው ክፍል መሀል ቆሞ፣ ነገ በክርስትና ስሙ ራሱን ለአዲሱ ደብር የሚያስተዋውቅበትን ንግግር ሲለማመድ፣ የገዛ ድምፁ በተደፈነው ጆሮው በኩል የሌላ ሰው ሆኖ ይመለስበታል።

«የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ቀሲስ ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። የተወለድኩት ኩታበር ነው። ያደግኩትም፣ ዳዊት የደገምኩትም እዚያው ነው። ይህች ልጄ ኩኩ ናት። ይህች ደግሞ ባለቤቴ...»

እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይንጎራደዳል። መስቀሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ያዛውራል። እንደገና ከኩታበር ይጀምራል፤ እንደገና እዚያችው ቃል ላይ ይደርሳል፤ እንደገና ይቆማል።

ኩኩ በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ስታየው ቆየች። ገና አራት ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣ ረሳኸው እንዴ?»

«ምኑን?»

«የእማዬን ስም።»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ለምን አትለውም?»

መስኮቱን ሊከፍት ሄደ። መስኮቱ ቀድሞውንም ክፍት ኖሮ ዘጋው።

የሚስቱ ስም ዙበይዳ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ያደገችበት ሰኞ ገበያ፣ ይህ ስም ማንንም ዘወር አያሰኝም፤ እዚያ ሰፈር ስም ሃይማኖት አይጠየቅም። እናቷ ክርስቲያን ነበረች። ከዙበይዳ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ዓመት ሳይደፍኑ እየሞቱባት ስታለቅስ ኖራ፣ ይህችኛዋ ስትወለድ ገና በአራስነቷ በቁና ውስጥ አስተኝታ በጎረቤቷ በሐዋ ደጃፍ ላይ አኖረቻት። እህል ነጋዴዋ ሐዋ ብቅ አለችና ምንም እንደማታውቅ ሰው፣ «ይህች የማን ናት? ትሸጣለች?» ብላ ጠየቀች። እናት «ትሸጣለች» አለች። ሐዋ አንድ እፍኝ ሽምብራ ሰፍራ ገዛቻት፤ ስሙንም ከራሷ ወገን አወጣችላት። ሞት የዚያችን ክርስቲያን ሴት ልጅ ፍለጋ ሲመጣ፣ «እዚህ ያለችው የሐዋ ልጅ ዙበይዳ ናት፤ ተሳስተሃል» ተብሎ እንዲመለስ ነው።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ያ ስም ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ አያውቅም። ሞት ልጅቷን ትቶ ቆይቶ እናቲቱን ሲወስድ፣ ሐዋ የገዛቻትን ልጅ ቤቷ አስገብታ አሳደገች። በጾም የጾም ወጥ ለብቻ ትሠራላታለች። በየእሁዱ እጇን ይዛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ታደርሳትና ቅዳሴው እስኪያልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር።

ቄስ እንየው ይህን ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው፣ ነገ ማይክ ሲይዝ ከሁለቱ ስሞች የትኛውን እንደሚጠራ ነው።

በሩ ተንኳኳ። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር አቶ ሞላልኝ አንድ ፌስታል ሙዝ አንጠልጥለው ገቡ። መስቀል ተሳልመው ቀና አሉና ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ያልተፈታውን ዕቃ ቃኙ።

«ቤቱ ይሞቃል አይደል አባታችን? አይዞዎት። ሁለት በጋ ካሳለፉ በኋላ ደሴ ሲወጡ ነው የሚንዘፈዘፉት።»

«ደህና ነው፣ እንለምደዋለን።»

«ለነገው መቼም ተዘጋጅተዋል። ብቻ አያስረዝሙት። የኛ ሰው ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ልብሱ ላይ ጥጥ እንደተለጠፈ ነው የሚያስቀድሰው። ንግግር ከረዘመ እየቆመ ያንቀላፋል።» አቶ ሞላልኝ ራሳቸውም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ወንበር ስላልነበረ ካርቶን ላይ ተቀመጡ፤ ካርቶኑ ሲሰምጥ ተነሡ። «አንዲት ነገር ልበል? ዕቃ ያወረደው ሾፌር የባለቤትዎን ስም ነገረኝ። ዙበይዳ ነው ያለኝ።»

«አዎ።»

«የክርስትና ስም ግን መቼም አለ።»

«ወለተ ሥላሴ።»

«ታዲያስ! እንዲህ ያለ ስም ተቀምጦ!» አቶ ሞላልኝ እፎይ አሉ። «እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ መጀመሪያ እዚህ ስመጣ የሰንበቴው መሪ ሰይድ የሚባል ሆኖ ባገኘው ሳምንት ሙሉ ዞሮብኛል። አሁን ለመድኩ። ግን ለፋብሪካ ሥራ ከየአገሩ የመጣ ልጅ ነው ያለን። ዙበይዳ ያሉ እንደሆነ ለምን ይባላል። ለምን ከተባለ ደግሞ ታሪኩ ይመጣል። ታሪኩ ከመጣ...» ከኪሳቸው ስልክ አወጡ። «ባለፈው ጾም ደሴ ላይ ያስተማሩት እኮ እዚህ አለኝ። 'ልጅን በቁና አስቀምጦ መሸጥ፣ ሞትን በስም ማታለል የክርስቲያን ሥራ አይደለም።' እንዴት ያለ ትምህርት ነው! እርስዎን ይላክልን ብለን የጠየቅነው ይህንን ሰምተን ነው።»

ከወጥ ቤቱ የድስት ክዳን ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ። ተንከባሎ ተንከባሎ ቆመ።

አቶ ሞላልኝ ከሄዱ በኋላ ዙበይዳ በበሩ ብቅ አለች። እርግዝናዋ ገና መታየት መጀመሩ ነው። የጥንቃቄ አረማመድ ለምዳለች፤ ወለሉን ሳታይ አትረግጥም።

«ወለተ ሥላሴ» አለች፣ ሙዙን ከፌስታሉ እያወጣች። «ጥሩ ስም ነው።»

«ዙቤ፣ እኔ እኮ...»

«አልከፋኝም። እንደ መሰለህ አርግ፤ ደብሩ የተሰጠህ ላንተ ነው። እኔ ግን በስሜ ስጠራ ነው የምነሣው። ይህን እወቅ ብዬ ነው።» ለኩኩ አንድ ሙዝ ልጣ ሰጠቻትና ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች።

ባለፈው ዓመት ደሴ እያለ፣ ከፍ ያሉ ካህናት ቤቱ መምጣት ጀምረው ነበርና በሰው ፊት ወለተ ሥላሴ ይላት ጀመር። በዚያው ሰሞን ፅንስ ወረደባት። ሐኪሙ ምክንያቱን አስረዳቸው፤ ሁለቱም ገባቸው። ዙበይዳ አንድም ቀን ስሙን ከዚያ ነገር ጋር አንሥታ አታውቅም። ያገናኘው እሱ ነው። አያምንበትም፣ ግን አለማመኑ አላሳረፈውም። ያን ትምህርት ያስተማረውም ከዚያ በኋላ ነበር፤ ምእመናንን እያስተማረ ራሱን ሊያሳምን የፈለገ ይመስል። ዙበይዳ ያን ዕለት በሴቶች ወገን ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች።

ነጠላውን አንሥቶ፣ «ደሴ ደርሼ መጣሁ፤ የመጋረጃ ገመድ ረስተናል» አለ።

«ገመድ ኮምቦልቻም አለ» አለች ዙበይዳ ከውስጥ።

እሱ ግን ወጥቶ ነበር።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጆሮው ጧ ብሎ ተከፈተና የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባበት። ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ዞራ መስቀል ለመነችው። አሳለማት። በቀኙ ያለው ሽማግሌ፣ «የኔ ልጅ፣ እግርህን ትንሽ ብታሳርፈው፤ ወንበሩ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለው። ይቅርታ ጠይቆ እግሩን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ልብ ሲል ሌላኛው እግሩ ተራውን ይዟል።

ሐዋ ለነገው እመጣለሁ ብላ ነበር፤ ሊነግራት የሚሄደው ቃል አጭር ነው፦ «እማ ሐዋ፣ ነገ አይምጡ።» ወይም፣ «ይምጡ፣ ግን በክርስትና ስሟ ነው የምጠራት፤ ሥርዓት ሆኖብኝ ነው።» ከሁለቱ አንዱን ተናግሮ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

ሰኞ ገበያ ቅዳሜም ቢሆን ሰው ከሰው ይተሻሻል። በሽንኩርት ማዳበሪያና በጋሪ መሀል እየተሹለከለከ የሐዋ እህል ቤት ደረሰ። ሐዋ ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጣ ለአንዲት ደንበኛ ምስር ትሰፍራለች። ስታየው መስፈሪያውን አየር ላይ አቆመችው።

«መምሬ! ምነው ወጣህ? ኮምቦልቻ ጠበሰህ?»

«እንደምን ዋሉ፣ እማ ሐዋ?»

«አልሃምዱሊላህ። ውሰቴስ? በላች? ተኛች? ወይስ ዕቃ አሸከምካት?»

«ደህና ናት። ምንም አላሸከምኳትም።»

ደንበኛዋ እሱን አየች፣ ሐዋን አየች። «ውሰት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልጄን ነዋ! እሱ ጋ ናት።»

«እንዴ፣ ባለቤቷ ናቸው?»

«ባለቤቷስ እኔ ነኝ!» ሐዋ ምስሩን ወደ ፌስታሉ ገለበጠችው። «በሽምብራ ገዝቼ ያሳደግኋት እኔ። እሱ ተውሶ ነው። ለሠርጓ ሽማግሌ ሲልክ እዚህች ቦታ ላይ ቁጭ አድርጌ፣ 'አውሱን' እስኪሉ ድረስ ውኃም አላቀመስኳቸው። ወላሂ! አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ 'እንዴት ሰው ይዋሳል' ብለው ሲከራከሩኝ ዋሉ። ማታ ላይ ሲርባቸው ተዋሱ።»

ደንበኛዋ ሳቀች። «እስከ መቼ ነው ውሰቱ?»

«የገዛሁበትን እፍኝ ሽምብራ የመለሰልኝ ቀን የራሱ ናት። ግን ያን ቀን ሞትም ቤቷን ያገኘዋል፤ ስለዚህ አይመልስም። አትመልስም አይደል፣ እንየው?»

በዚህ ስም የምትጠራው ከሚስቱ ሌላ እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ቀልድ ሁልጊዜ ይስቅለታል። ዛሬ አፉ ብቻ ፈገግ አለ።

ደንበኛዋ ከፍላ ሄደች። ጊዜው አሁን ነበር።

«እማ ሐዋ፣ የነገው ነገር...»

«ነገማ ጎህ ሲቀድ ነው የምነሣ! ቆይ።» ከጆንያው ጀርባ ጎንበስ ብላ አንድ ጥቅል አወጣች። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጭ ነጠላ ነበር። ዘርግታ ከትከሻዋ ላይ ለካችው። «በጥቁር ሻርፕ ብመጣ፣ 'የቄሱ አማት ይህች ናት ወይ' ብለው ያፍሩብሃል ብዬ ነው። በነጭ ልክ የናንተው ሰው አልመስል? እይ እስቲ።»

«ያምርብዎታል።»

«ሽምብራም ቆልቻለሁ፤ ለደብሩ ሰው በሙሉ ይበቃል። የጾም ስለሆነ ማንም አይከለከልም።» ነጠላውን መልሳ በጥንቃቄ አጠፈችው። «አየህ፣ ልጅ ሳለች በር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ሰዎቹ ቅዳሴ ጨርሰው ሲወጡ፣ 'የማን አሽከር ናት?' ይሉ ነበር። እኔም ዝም እላለሁ፤ ምን እላለሁ? ነገ ግን በማይክ ነው። ጮክ በል እሺ? ጆሮዬ እንደ ዱሮው አይደለም። ያወጣሁትን ስም በቤተ ክርስቲያን ማይክ ልስማው፣ ከዚያ ምን ቀረኝ።»

«ሙቀቱ እንዳይጎዳዎት» አለ ቄስ እንየው። ይህን ለማለት አልነበረም የመጣው።

«ሙቀት! አብሽር፣ ሙቀት የጎዳው ሽምብራን ብቻ ነው፣ እሱም ቆሎ ሆኖ ጣፈጠ።»

ገመድ ሳይገዛ ተመለሰ። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮው እንደገና ተደፈነ።

እሁድ ቅዳሴው በሰላም አለቀ። በቅዳሴ ውስጥ ቄስ እንየው ይረጋ ነበር፤ እዚያ ቃሉ የሱ አይደለም፣ ሁሉም ከሱ በፊት ተወስኗል። ጭንቀቱ የጀመረው ካባውን ደርቦ ከውጭው ቅጥር አጠገብ ወደ ተጣለው ዳስ ሲወጣ ነው። ሕዝቡ ዳሱን ሞልቶ ተርፎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከፊት መነኮሳይያት፣ ከነሱ ኋላ በሴቶቹ መሀል ዙበይዳ ኩኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በግራ በኩል አቶ ሞላልኝ ስልካቸውን ለመቅረጽ አዘጋጅተው። በቅጥሩ በር ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ነጠላ ይታያል። ከጎኑ ቁና አለ።

«የተወደዳችሁ ምእመናን» አለ። ሞንታርቦው አፏጨ። አንድ ልጅ ሮጦ ሽቦ ነካካና ዝም አለ። «ቀሲስ ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። የተወለድኩት ኩታበር ነው።»

ኩታበርን ተናገረ። የተማረበትን ጉባኤ ቤት ተናገረ። ሊለው ያላሰበውን የኩታበርን ብርድ ጨመረ፣ ስለ ገብስ አንድ ነገር አለ፣ ከዚያ የሚጨመር አጣ። ኋላ ያሉት የሌሊት ፈረቃ ልጆች ማንቀላፋት ጀምረዋል።

«ልጄ ኩኩ ናት።» ኩኩ ፊቷን እናቷ ነጠላ ውስጥ ቀበረች። ሰው ፈገግ አለ።

«ባለቤቴ...»

በሩ ሥር ያለው ነጭ ነጠላ ከድንጋዩ ላይ ቀና አለ። የአቶ ሞላልኝ ስልክ በግራው በኩል ከፍ አለ። ቄስ እንየው መስቀሉን ጨበጠ።

«ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ትባላለች። እስቲ ተነሥታ ትታያችሁ።»

ዙበይዳ አልተነሣችም። አልተኮሳተረችም፣ አላቀረቀረችም። ሌላ ሰው እንደ ተጠራ ሁሉ ዝም ብላ ታየዋለች። ሕዝቡ አንገቱን እያዞረ ይፈልጋል። ማይኩ የቄሱን ትንፋሽ ለሁሉም ያሰማል።

ከፊተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀስ እያሉ ተነሡ። ቢጫ ቆባቸውን አስተካከሉ። ጀርባቸው እስኪቃና ሁሉም ጠበቀ።

«አቤት አባቴ» አሉ። «ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ።»

ከፀሐይ ላይ የተቀመጡት ማን እንደ ተነሣ አይታያቸውም፤ ብቻ የቄሱ ሚስት መነሣቷን ከሰዎቹ አንገት አወቁና እልል አሉ። እልልታውን የሰሙት ያንቀላፉት ነቅተው አጨበጨቡ። መነኩሲቷ በእልልታው መሀል ግራና ቀኝ አዩ።

«ምንድን ነው እሱ? ማን ተዳረ?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማሆይ!» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ። «እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እኔ? ምን ይላል ይሄ! እኔ እኮ መንኩሻለሁ!»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሞላልኝ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ዲያቆኖቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ቄስ እንየውም ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር።

በዚያው ቅጽበት በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ በሩን አየ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ቁናው ብቻውን ቀርቷል። ነጩ ነጠላ ከበሩ ወጥቶ፣ በአስፓልቱ ዳር ባጃጆች ወደሚቆሙበት፣ ቀስ ብሎ ግን ሳይዞር ይሄዳል።

እግሩ ወደ ፊት ሄደ። የማይኩ ገመድ ያዘው።

«ዙበይዳ!» አለ።

አስቦ አልጠራትም። ቤት ውስጥ እንደሚጠራት፣ ከጓሮ ወደ ወጥ ቤት እንደሚጠራት ጠራት። ሞንታርቦው ግን ቃሉን ተቀብሎ ከዳሱ፣ ከቅጥሩ፣ ከአስፓልቱ በላይ ወረወረው።

«አቤት» አለች ዙበይዳ፤ ኩኩን ከጭኗ አውርዳ ተነሣች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

ሳቁ ረገበ። መነኩሲቷ ዞረው አዩዋትና፣ «እሷ ናት እንዴ? ታዲያ እሷ ካለች እኔን ምን አስነሣችሁኝ!» ብለው ተቀመጡ። ሳቁ ትንሽ ተመለሰ።

«ባለቤቴ ዙበይዳ ናት» አለ ቄስ እንየው። «በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ናት፤ ቁርባን ስትቀርብ በሱ ትጠራለች። ሰው ሲጠራት የምትነሣው ግን በዙበይዳ ነው። እናንተም እንዲህ ብላችሁ ጥሯት።»

«ምን አልክ? ማን ናት አልክ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ሐዋ ተመልሳ በሩ መሀል ቆማለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ነው፣ እያለከለከች። «ባለቤት የሚል ሰምቻለሁ። ባለቤቷ ማን ነው?»

ቄስ እንየው ማይኩን አየ፤ አቶ ሞላልኝን አየ። አቶ ሞላልኝ ስልካቸውን ዝቅ አድርገውት ነበር።

«እርስዎ ነዎት፣ እማ ሐዋ» አለ። ወደ ሕዝቡም ዞረ። «እናታችን ሐዋ ናቸው። ሚስቴ የሳቸው ናት። በአራስነቷ በሽምብራ ገዝተው፣ ስም አውጥተው፣ አሳድገው፣ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ያመጧት እሳቸው ናቸው። እኔ ተውሼ ነው።»

«አዎና» አለች ሐዋ። «በደንብ ያዝልኝ እንጂ።»

ከሴቶቹ ወገን አንዲት የፋብሪካ ልጅ ብቻዋን እልል አለች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ሁሉም ግን አልተከተለም። ጥቂት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ቄስ እንየው አይቷል፤ አንድ ሽማግሌ ከነጭራሹ ተነሥተው ወጡ። «ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማይኩን ለዲያቆኑ ሰጠው።

ከጸሎቱ በኋላ አቶ ሞላልኝ አጠገቡ መጡ። ሽምብራው እየታደለ ነበር።

«አባታችን፣ ስልኬ ላይ ያለው ትምህርትስ?»

«ይኑር። እውነት ነው እኮ፤ ሞት በስም አይታለልም።»

«ታዲያ የዛሬውስ?»

ቄስ እንየው አፉን ከፈተ። ከመጻሕፍት አንድ ነገር ሊጠቅስ ፈለገ፤ የመጣለት ሁሉ ግን ለቀድሞው ትምህርቱ የሚመሰክር ነበር።

«እሺ፣ መልሱ ለሚመጣው እሁድ ይደርሳል» አሉ አቶ ሞላልኝ፤ ተቆጥተው ይሁን አዝነውለት አልለየም። «ሕዝቡ ይጠይቅዎታል፤ እኔም እጠይቅዎታለሁ። ሽምብራው ግን ጥሩ ተቆልቷል።»

በዳሱ ሥር ሐዋ ቁናዋን ታቅፋ በየሰዉ እጅ ትዘግናለች። መነኩሲቷ ጋ ስትደርስ እማሆይ መዳፋቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ጥርስ ለሌለው ሰው ሽምብራ! ትሳለቂያለሽ?»

«አብሽሩ፣ እማሆይ፤ ሙሽራ ምን ጥርስ ያደርግላታል። አስፈጭቼ ሽሮ እልክልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ዙበይዳ ከጎኗ ቆማ ሳቀች። ቄስ እንየው ይህን ሳቅ ካለፈው ዓመት ወዲህ አልሰማውም ነበር። ዛሬ ዞር ብላም አላየችውም፤ ሽምብራዋን እያነሣች አንድ አንድ ትቆረጥማለች።

ሐዋ ዞራ ዞራ እሱ ጋ ደረሰች።

«ስትጠራት ነው የሰማሁት» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ በፊት ያልከውንም ሰምቻለሁ፣ እንየው። ጆሮዬ እንዳልኩህ አልደነቆረም።»

«አውቃለሁ፣ እማ ሐዋ።»

«እንካ።» የቀኝ እጁን ይዛ አንድ እፍኝ ሽምብራ አፈሰሰችበት። ትኩስ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ የዋለ። «የሚመጣውንም ልጅ ደግሞ ማን እንደሚገዛው ካሁኑ አስብበት። እኔ አርጅቻለሁ። ያቺ መነኩሲት ደግ ትመስላለች።» ስቃ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ቄስ እንየው እዚያው ቆሞ ቀረ። ቆሎ ነው፣ ይበላል። ሁሉም እየበላ ነው። አንዷን ወደ አፉ አስጠጋት፤ መለሳት። እፍኙን እንዳለ ለሐዋ ቢመልስላትስ? «ያን ቀን ሞትም ቤቷን ያገኘዋል» ያለችው የውሰቱ ቀልድ ትዝ አለውና እጁ ወደ ኋላ ሸሸ። ለኩኩ ሊሰጣት አየ፤ ኩኩ የራሷን ይዛለች።

«አባታችን፣ ይባርኩን» እያለ ሰው መሰለፍ ጀመረ። መስቀሉ በቀኝ እጁ መሆን ነበረበት፤ ቀኝ እጁ ግን ሽምብራ ይዟል። ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ ሽምብራውን ከቀሚሱ ኪስ ጨመረው። መስቀሉን ዘረጋ። ሰዎቹ ግንባራቸውን፣ ከንፈራቸውን እያስነኩ አለፉ። እሱም እያንዳንዱን ይባርክ ነበር፤ በግራ እጁ ግን የኪሱን አፍ ጨብጦ ይዟል፣ ከዚያች እፍኝ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትወድቅ።